ሶዶ ላይ የሚነሳ፣ ሁምቦ ላይ የሚጠፋ መኪና

ወደ ወላይታ ሶዶ የሚያስገባው መንገድ ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በቡታጅራና በሆሳዕና፣ ከዚያም በአረካ በኩል የሚገባ አለ። በሻሸመኔና በአላባ ቁሊቶ ዞሮ በቦዲቲ የሚመጣም አለ። የአርባ ምንጭ፣ የሳውላና የዳውሮ መንገዶችም እዚያው ይገናኛሉ። በየትኛውም ቢመጡ ከሩቅ የሚቀበልዎ ግን ዳሞታ ነው። ተራራው ከ2,900 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ከተማዋም ከእግሩ ሥር፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ጠዋት ከተራራው የሚወርደው አየር ጋቢ ያስደርባል።

የመንገድ መገናኛ የሆነ ከተማ ጋራዥ አያጣም። ሶዶም ከመግቢያዋ እስከ መውጫዋ ጎሚስታ፣ ላቫጆ፣ ባትሪ ቤትና ብየዳ ቤት ሞልቶባታል። መካኒኮቻችን ኮፈኑንም፣ ካንዴላውንም፣ ጎሚስታውንም የሚጠሩት ከጣሊያን በወረስነው ስም ነው። ካርቡሬተር በቀረላቸው መኪኖች ውስጥ ነዳጁንና እሳቱን ለምታዝዘው ትንሽ የብረት ሣጥን ግን ጣሊያን ስም አልተወልንም። ሁሉም ሰው «ኮምፒዩተሩ» ይላታል። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህች ሣጥን፣ ስለ ሶዶና ስለ አንድ ወጣት እጅ ነው።

እኔ ሶዶን የማውቃት በነርስነት ነው። በወላይታ ጤና ጣቢያዎች ባገለገልኩባቸው ዓመታት ብዙ ካደከሙን ሕመሞች አንዱ፣ በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ከመኖር የሚመጣው የእግር እብጠት ነበር። ብዙ ሰው እርግማን ነው ብሎ ያምን ነበር። ምክንያቱ ግን ዓይን የማያየው የአፈር ብናኝ ለዓመታት በእግር ቆዳ ውስጥ መግባቱ ነው፤ መከላከያውም ጫማ ማድረግና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው። ትልቅ ችግር ሁልጊዜ ትልቅ ምክንያት እንደማይፈልግ ከዚያ ተምሬያለሁ።

ዛሬ በጡረታ አዲስ አበባ ከልጆቼ ጋር ብኖርም ታናሽ ወንድሜ እዚያው ሶዶ አለ። መምህር ሆኖ ኖሮ እሱም እንደ እኔው ጡረታ ወጥቷል። ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለ የጃፓን ስሪት መኪና አለው። በዚህ መኪና የልጅ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ባለቤቱን ለደም ግፊት ክትትል ሆስፒታል ይወስዳል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከምዕራብ አባያ ሙዝ ጭኖ እየመጣ ለሱቆች ያስረክባል። ጡረታው ከወር እስከ ወር የሚደርሰው በዚያ ሙዝ ድጋፍ ነው።

ባለፈው የካቲት ልጠይቀው ስሄድ ቤቱ በክርክር ተሞልቶ አገኘሁት። መኪናው ያለማስጠንቀቂያ ሞተሩ ቀጥ ይላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ ሲያርፍ ምንም እንዳልነካው ይነሳል። አንድ ቀን የልጅ ልጆቹን ይዞ ቁልቁለት ላይ እያለ ጠፋበት፤ ከኋላው ደግሞ የጭነት መኪና ነበር። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ይደድራል። እንደምንም ወደ ዳር አወጣው። ከዚያ ቀን ወዲህ ምራቴ ልጆቿን በዚያ መኪና አላሳፍርም አለች፤ እውነቷን ነው።

አንዱ ጋራዥ የነዳጅ ፓምፕ ቀየረ። ሁለተኛው ካንዴላና የካንዴላ ገመድ ቀየረ። ሦስተኛው «ኮምፒዩተሩ ሞቷል፤ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ፈልጉ» ብሎ አሰናበተው። የተጠየቀው ዋጋ የወንድሜን የብዙ ወር ጡረታ የሚበላ ነበር። ልጆቹ «ሽጠው» ይሉታል። እሱ ደግሞ «ሽጬ ምን ልገዛበት?» ይላል።

ጥያቄው የወንድሜ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። ስለዚህ በየቤቱ ያለው አሮጌ መኪና ብዙ ዓመት እንዲያገለግለን የምንጠብቀው ንብረት ሆኗል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ የሚጠገነውን ከሚጣለው መለየት የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ወንድሜን የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?»

«በማንኛውም ሰዓት» አለኝ።

የሚመላለስ ትኩሳት ያለበት ሕመምተኛም መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው። እኛ ነርሶች አልጋው ራስጌ ላይ የሙቀት መከታተያ ካርድ የምንሰቅለው ለዚህ ነበር። ወንድሜም የመምህርነት ልማዱ አልለቀቀውምና ደብተር አወጣ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከመጥፋቱ በፊት ምን ያህል እንደነዳ፣ ሲጠፋ ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ምን እንደበራ ይጽፍ ጀመር። በሦስት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ጠፋ። ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት አንድም ጊዜ አልጠፋም። ሶዶ ከተማ ውስጥ የጠፋው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም ፀሐይ ላይ ቆሞ ከዋለ በኋላ። የቀረው ሁሉ ከሁምቦ በታች ነበር።

ይህን ለመረዳት የአካባቢውን መሬት ማወቅ ይበቃል። ከሶዶ ወደ ደቡብ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወርዱ የሁምቦዋ ጠበላ ትገኛለች። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ የአባያ ሐይቅ የተኛው 1,170 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ጋቢ ደርቦ ከሶዶ የወጣ ሰው አባያ ዳር ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል። መኪናው የታመመው በሙቀት ነበር ማለት ነው። ጋራዦቹ ደግሞ መኪናውን የሚያዩት ጠዋት፣ በዳሞታ ብርድ ነው። ያኔ ጤነኛ ነው።

ደብተሩን ይዘን የሄድነው ከመናኸሪያው ብዙም የማይርቅ አንድ ትንሽ ሱቅ ነው። ባለሙያው ሃያዎቹን ያላለፈ ወጣት ነው። አባቱ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበሩ። እሱ በስልክ ጥገና ጀምሮ አሁን የመኪና ቦርድ ይሠራል። ወንድሜ ቀድሞ ስለ እኔ ነግሮት ኖሮ «ሳሮ፣ ሲስተር» ብሎ በወላይትኛ ሰላምታ ተቀበለኝና ደብተሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው። አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። ወንድሜ «ከጠፋ በኋላ ቁልፉን ሳዞር የሞተሩ ምልክት አምፖል አልበራም» ብሎ ጽፏል።

«ይቺን ማንም አልነገረኝም ነበር» አለ። «ቁልፍ ሲዞር አምፖሏ ካልበራች ኮምፒዩተሩ ራሱ አልነቃም ማለት ነው። ወይ መብራት አልደረሰውም፣ ወይ ደርሶት ውስጥ ተቋርጧል።»

ሣጥኗን ለመክፈት አልቸኮለም። ባትሪውን ለካ። ከሞተሩና ከአካሉ ጋር የሚገናኙትን የመሬት ገመዶች ፈትቶ አጸዳ። ፊውዞቹን አየ። ለኮምፒዩተሩ መብራት የሚለቀውን ሪሌ በተመሳሳይ ቀይሮ ሞከረ። ከዚያ ሣጥኗን ከተሳፋሪው ወገን፣ ከዳሽቦርዱ ሥር አወጣት፤ ገመዶቿ እንደተሰኩ ሞተሩን አስነሳ። ረዳቱን ልኮ ከጎረቤት የሴቶች ፀጉር ቤት የፀጉር ማድረቂያ አስመጣና ሞቃቱን አየር ወደ ሣጥኗ ለቀቀው። ጥቂት ደቂቃ እንደቆየን ሞተሩ ቀጥ አለ። የሣጥኗ መብራት መግቢያ ላይ መለኪያውን ሲያኖር መብራቱ አለ። ሲያቀዘቅዛት ተነሳ። ደግሞ ሲያሞቃት ጠፋ። ወንድሜ አንድ ዓመት ያንከራተተው ነገር በአንድ የፀጉር ማድረቂያ ፊት ለፊቱ ሲደገም አይቶ ከሣቁ ጋር ዕንባው መጣ።

ውስጧ ምን እንዳለ ለማያውቁ አንባቢዎቼ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሣጥኗ ከሞተሩ ዙሪያ ካሉ ጠቋሚዎች መልእክት ትቀበላለች፦ ሞተሩ በምን ፍጥነት እንደሚዞር፣ ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ፣ ምን ያህል አየር እንደገባ። በዚያ ላይ ተመሥርታ ነዳጁ ስንት እንደሚረጭና ካንዴላው መቼ እንደሚተኩስ ታዝዛለች። ዕቃዎቿ ሁሉ ስስ የመዳብ መስመር በታተመበት ቦርድ ላይ በቀለጠ ብረት ጠብታ ተጣብቀዋል። ያን የብየዳ ሽቦ ጠጋኞቻችን «ሊድ» ይሉታል። በድሮዎቹ መኪኖች ይህ ሽቦ የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል ነው፤ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቅለጥ ይጀምራል።

መኪና ሲሞቅ የዕቃው እግር፣ ቦርዱና ጠብታው ሁሉም ይለጠጣሉ፤ ግን እኩል አይለጠጡም። ሲበርድ ደግሞ ይሰበሰባሉ። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለሃያ ዓመት ሲደጋገም፣ የኮረኮንች መንገድ ንዝረት ሲጨመርበት፣ ጠብታው እንደሚታጠፍና እንደሚዘረጋ ሽቦ ይደክማል። በመጨረሻ በእግሩ ዙሪያ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ይፈጠራል። ሲቀዘቅዝ ስንጥቁ ይገጥማል፣ መኪናው ይነሳል። ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ይጠፋል። ይህ የድሃ ሀገር መኪና ችግር ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ቶዮታ በአሜሪካ ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ኮሮላና ማትሪክስ መኪኖችን ለጥገና ጠርቶ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ በሞተር መቆጣጠሪያው ቦርድ ላይ፣ በአንዳንድ የብየዳ ነጥቦች ስንጥቅ ሊፈጠር መቻሉ ነው።

ወጣቱ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትቶ፣ ሣጥኗን ከፍቶ ቦርዱን በአልኮል አጸዳ። ከዚያ ማጉያ መነጽሩን ለእኔ ሰጠኝ። «ሲስተር፣ እርስዎ ያግኙት» አለኝ። ገመዶቹ የሚሰኩበት ትልቁ ማገናኛ ሥር ተርታ የቆሙ እግሮች አሉ። አብዛኞቹ ዙሪያቸውን የያዘው ጠብታ ያብረቀርቃል። ሁለቱ ግን አመድማ ናቸው፤ ዙሪያቸውን ጥቁር ቀለበት ከቧቸዋል። መብራቱ ወደ ሣጥኗ የሚገባው በእነዚያ በሁለቱ ነበር።

ሥራው ከፍለጋው አጠረ። በቦርዱ ላይ የተቀባውን መከላከያ ቀለም በነጥቦቹ ዙሪያ ብቻ ፋቀ። አሮጌውን ጠብታ በካውያው አቅልጦ አነሳ፤ በላዩ ላይ ጨምሮ አልሸፈነውም። ቅባቱን ቀብቶ አዲስ ሊድ አኖረ። ካውያውን በአንድ ነጥብ ላይ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አያቆይም፤ ከቆየ የመዳቡ መስመር ከቦርዱ ይነሳል። የተሰነጠቁት ሁለት ቢሆኑም በተርታው ያሉትን ሁሉ አደሰ። «አብረው ያረጁ ናቸው» አለ። ከዚያ ሌሎቹን ዕቃዎች አንድ በአንድ አየ። በአሮጌ ቦርዶች ላይ ካፓሲተር የሚባሉት ትንንሽ ጣሳ መሰል ዕቃዎች ፈሳሽ አፍስሰው መዳቡን ይበሉታልና። የወንድሜ ደህና ነበሩ።

መፈተኛው ሶዶ ላይ አልነበረም። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወጣቱን አሳፍረን ወደ ሁምቦ ወረድን። ግራ ቀኝ የሚታየው ኮረብታ ያገለገልኩበት ዘመን ራቁቱን ነበር። ዛሬ 2,728 ሄክታር የሚሆነው የሁምቦ ተራራ ተከልሎ ደን ለብሷል። አብዛኛው ዛፍ አዲስ ችግኝ ተተክሎ የመጣ አይደለም፤ ሥሩ ከመሬት በታች ሕይወት ያለው የድሮ ጉቶ እያቆጠቆጠ፣ ሰዉ እየገረዘና እየጠበቀ ያሳደገው ነው። ወንድሜ ይህን እያሳየኝ «መኪናዬም ጉቶ ነው» አለ። አባያ ቀይ ውሃውን ዘርግቶ ከሚታይበት ቦታ ደርሰን ሞተሩን ሳናጠፋ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። ወንድሜ ደብተሩን ይዞ ይጠብቃል። ምንም የሚጻፍ ነገር አላገኘም። ይህን እስከምጽፍ ድረስም አላገኘም። የከፈለው ገንዘብ ላገለገለ ኮምፒዩተር ከተጠየቀው አሥረኛውን አይሞላም።

ሁሉም ሣጥን ግን ይድናል ማለት አይደለም። ውሃ ገብቶበት መዳቡ የተበላ ወይም የተቃጠለ ቦርድ መቀየር ሊኖርበት ይችላል። ያገለገለ ሲገዛም በላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከራስዎ ጋር አንድ መሆኑን ይዩ፤ ቁልፉ ውስጥ የምስጢር ኮድ ያላቸው መኪኖች ደግሞ ሣጥኑ ቢቀየርም ቁልፉ ካልተዋወቀው አይነሱም። የኤርባግና የኤቢኤስ ፍሬን ሣጥን ለልምምድ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ላቫጆ ሲያሳጥቡ ኮፈን ተከፍቶ በኃይለኛ ውሃ እንዳይረጭ ይከልክሉ። አካሉ ወይም ሻንሲው በኤሌክትሪክ ሲበየድ ባትሪው እንዲፈታ ያድርጉ። ባትሪ ከሌላ መኪና ሲያስነሱ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ እንዳይምታታ ይጠንቀቁ። ባለሙያው ዕቃ ቀይር ሲልዎ ደግሞ «ጥፋቱን አሳየኝ» ይበሉት። የሚያውቅ ሰው ማሳየት አይከብደውም።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልመለስ። የፀጉር ማድረቂያውን ያመጣው ረዳት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው፤ ከትምህርት በኋላ እየመጣ ይማራል። ጠረጴዛው ላይ ከሊዱ ሽቦ አጠገብ ግማሽ የተበላ የተጠበሰ በቆሎ አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሊድ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ በእንግሊዝኛ እርሳስ ማለት ነው። ልጆች የሚጽፉበትን እርሳስ ማለቴ አይደለም፤ እሱ እርሳስ የለበትም። ብረቱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። ልጅ ከዋጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚገባው ከአዋቂው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የሚጎዳውም አእምሮውን ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው ጭሱን ነው። ጭሱ በአብዛኛው ከቅባቱ የሚወጣ ነው፤ አስም ያስነሳልና መስኮት ተከፍቶ፣ ማራገቢያ ከፊት እየወሰደው መሠራት አለበት። እርሳሱ ግን ወደ ሰውነት የሚገባው በዋናነት በእጅ አድርጎ በአፍ ነው። ስለዚህ በሥራ ጠረጴዛ ላይ አይበላም፣ አይጠጣም። ከሥራ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ጠረጴዛው በደረቁ አይጠረግም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። የሥራ ልብስ ሕፃን ካለበት ቤት አይገባም። ነፍሰ ጡር ሴት ከዚህ ሥራ ብትርቅ ይሻላል። ወጣቱ ይህን ሲሰማ አልተቆጣም፤ ልጁን ላከና ጀሪካን ውሃና ሳሙና በር ላይ አስቀመጠ።

ወላጆችና አያቶች፣ ይህን የምጽፍላችሁ ስለ ልጆቻችሁ ጭምር ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ወጣት ማለፊያ ካላመጡት አንዱ ነው። አባቱ መሬታቸው ለአንድ ልጅ እንኳን የማትበቃ ስለሆነች አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ እንዲሄድ ፈልገው ነበር። ወላይታ መሬቷ ጠባብ፣ ሕዝቧ ብዙ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ በአዲስ አበባ ጎዳና ጫማ ያልጠረገ፣ ሎተሪ ያላዞረ ልጅ ያላት ቤት ስንት ናት? እሱ ግን የአባቱን የሬዲዮ ካውያ ይዞ ቀረ።

በብዙ የሀገራችን ክፍል ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ የሚገባቸውን ክብር ሳያገኙ ኖረዋል፤ ወላይታም ከዚህ ነፃ አልነበረችም። ዛሬም «ልጄ ጠጋኝ ነው» ስንል ድምፃችን ዝቅ ይላል። ሦስት ጋራዥ ያላገኘውን ስንጥቅ ያገኘው ግን ደብተር ያነበበ፣ በቅደም ተከተል የመረመረ፣ ሳያይ ያልቀየረ ልጅ ነው። እኔ በዲፕሎማ የተማርኩት ነርስነትም ከዚህ ብዙ አይለይም።

ምራቴ አሁን ልጆቿን በመኪናው ትልካለች። ረዳቱ ልጅም በቆሎውን የሚበላው ከበሩ ውጭ፣ እጁን ታጥቦ ነው ብለውኛል።